ልቡ ተጠገነ፤ ልጁስ?

 ይህን የምጽፈው እዚህ ቤርሼቫ፣ ኪርያት ጋትና አሽዶድ ላላችሁ፣ ጎንደርና አዲስ አበባ ላላችሁ፣ በአሜሪካም በሌላውም አገር ለተበተናችሁ ዘመዶቼ ሁሉ ነው።  ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሩ።

ዛሬ የምጽፈው ስለ ልብ ሕሙማን ልጆች ነው። የኛ ልጅ በ2018 የልብ ቀዶ ሕክምና ካደረገች ወዲህ ስልኬ ብዙ ጊዜ ይጮኻል። «የእህቴ ልጅ ልቡ ላይ ቀዳዳ አለ ተባለ፣ ምን ይሻላል?» «የጎረቤታችን ልጅ ቀኗ ደረሰ፣ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ይሉኛል። የማውቀውን እነግራቸዋለሁ። ስለ ሐኪሙ ይጠይቁኛል፣ ስለ ገንዘቡ፣ ስለ ጠባሳው፣ ስለ መድኃኒቱ። ጥያቄው ሁሉ ትክክል ነው። ግን በነዚህ ሁሉ ዓመታት «ልጁ ራሱ ምን እያሰበ ነው?» ብሎ የጠየቀኝ የለም። ቀዶ ሕክምናው አለቀ ሲባል እልል ይባላል፣ «ዳነ» ይባላል፣ ወሬው እዚያ ላይ ይዘጋል። እኔ ደግሞ የምለው፣ የሐኪሙ ሥራ የጥቂት ሰዓታት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ብዙ ዓመት ነው፤ እሱ የኛ ሥራ ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ከጎንደር በ1999 የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ መጣሁ፣ በሙያ ትምህርት ቤት የማቀዝቀዣ ጥገና ተማርኩ፣ ሠራዊት ገብቼ ሦስት ዓመት አገለገልኩ፣ ዛሬ እንጀራዬ ማዝጋን መጠገን ነው። ማዝጋን ማለት እዚህ አገር የአየር ማቀዝቀዣ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ የልጄን ልብ ወረቀት ላይ ስሎ ሲያሳየኝ ነገሩ ቶሎ ገባኝ። ልብ አራት ክፍል ያላት ፓምፕ ናት። በሮች አሏት፣ በሮቹም ወደ አንድ ወገን ብቻ ነው የሚከፈቱት። የልጄ ችግር በታችኞቹ ሁለት ክፍሎች መካከል ያለው ግድግዳ ቀዳዳ ይዞ መፈጠሩ ነበር። ወደ ሰውነት መሄድ ያለበት ደም በቀዳዳው እያለፈ ተመልሶ ወደ ሳንባ ይሄዳል፣ ፓምፑ በከንቱ ይለፋል። ጡት ስትጠባ ግንባሯን ያልባት ነበር፣ ትደክማለች፣ ትተወዋለች፣ ኪሎ አትጨምርም። በስድስት ወሯ ቀዳዳው ተደፈነ። እስከዚህ ድረስ ያለው ለኔ የጥገና ነገር ነው። ፓምፕ ግን አይፈራም፣ አያፍርም፣ ሌሊት ተነሥቶ አያለቅስም።

በኛ ቋንቋ ደግሞ ልብ ፓምፕ ብቻ አይደለችም። «ልብ በል» እንላለን፣ አስተውል ማለታችን ነው። «ልብ ግዛ» እንላለን። ደፋሩን ልበ ሙሉ፣ ጨካኙን ልበ ደንዳና እንለዋለን። ስናዝን ልባችን ይሰበራል። ፍቅርም፣ ትዝታም፣ ቂምም የሚቀመጠው ልብ ውስጥ ነው። እዚህ አገር በመጡበት በመጀመሪያው ጊዜ ትልልቆቻችን ሐኪም ፊት ቀርበው «ልቤን አመመኝ» ሲሉ የልብ ምርመራ ይታዘዝላቸው እንደነበር ሲነገር ሰምተናል። እነሱ ግን የሚናገሩት በሱዳን መንገድ ስለቀበሯቸው ዘመዶቻቸው ነበር።

ታዲያ በዚህ ቃል ሐኪምና ትልቅ ሰው ከተደናገሩ ሕፃን ልጅማ እንዴት ይሁን? ልጄ የአምስት ዓመት ልጅ ሳለች እናቴ ለጎረቤት «ይህች ልጅ እኮ ልቧ ጥሩ አይደለም» ስትል ሰማች። ማታ ባለቤቴ ስታስተኛት «እማ፣ እኔ መጥፎ ልጅ ነኝ?» አለቻት። ለምን እንዲህ እንዳለች ስትጠይቃት፣ «ልቤ ጥሩ አይደለም አሉ» አለቻት። ባለቤቴ እጇን ይዛ ደረቷ ላይ አስቀመጠችና «እዚህ ውስጥ ደም የምትገፋ ልብ አለች። ትንሽ ቀዳዳ ነበራት፣ ሐኪሙ ደፈነው። ጥሩ ልጅ መሆንሽ ሌላ ነገር ነው፣ እሱን ማንም አልነካውም» አለቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን ስለ ሕመሙ ስንናገር «ደም የምትገፋው ልብ» ነው የምንለው። ትንሽ ነገር ይመስላል። ለልጅ ግን ትንሽ አይደለም።

ይህን ነገር ይበልጥ የተማርኩት ሆሎን ነው። የማታውቁ ካላችሁ፣ በሆሎን ከተማ ወልፍሶን በሚባለው ሆስፒታል በ1995 የተጀመረ ሥራ አለ። ዶክተር አሚ ኮኸን የሚባሉ ከአሜሪካ የመጡ የልብ ቀዶ ሐኪም ነበሩ። አንድ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ስለ ሁለት ልጆች እርዳታ ጠየቋቸው፣ እሳቸውም እሺ አሉ። የመጀመሪያዎቹ ልጆች የኛው አገር ልጆች ነበሩ ማለት ነው። ከዚያ «ሴቭ ኤ ቻይልድስ ሃርት» የሚባለው ድርጅት ተመሠረተ፤ የአንድ ልጅ ልብ አድን እንደማለት ነው። ዶክተር አሚ በ2001 ኪሊማንጃሮ ተራራ ሲወጡ ሕይወታቸው አለፈ፤ ሥራው ግን አልቆመም። እስከ ዛሬ ከብዙ አገሮች የመጡ ከ7,000 በላይ ልጆች ታክመውበታል፣ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞችም ሠልጥነውበታል። ልጆቹ ከሆስፒታል ውጭ የሚያርፉበት ቤትም እዚያው ሆሎን አለ። አንዳንዱ ልጅ ከእናቱ ጋር ይመጣል፣ አንዳንዱ ከነርስ ጋር ብቻ ይመጣል። እኔ ከሥራ ሳርፍ ከቤርሼቫ ከአንድ ሰዓት በላይ ነድቼ እሄዳለሁ። የምሠራው ነገር ቀላል ነው፣ አማርኛ አወራለሁ።

እዚያ አንድ ስምንት ዓመት ገደማ የሚሆነው ልጅ አገኘሁ። ከገጠር ነው የመጣው። ሰዎቹ እንዳይፈራ ብለው «አውሮፕላን ልታይ ነው» ብለው ነበር የላኩት። ቀዶ ሕክምናው በደንብ ተሳካ፣ ከንፈሩ ሰማያዊ የነበረው ቀላ፣ ሁሉም ተደሰተ። እሱ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አልናገርም አለ። እኔ ወረቀት አውጥቼ እንደ ልማዴ ፓምፕና ቧንቧ ሣልኩለት፣ «እዚህ ጋ ጠባብ ነበር፣ አሰፉት፤ እዚህ ጋ ቀዳዳ ነበር፣ ደፈኑት» አልኩት። ብዙ ዝም ብሎ አየና «የድሮው ልቤ የት ሄደ?» አለኝ። «የትም አልሄደም፣ ያው ነው፣ ጠገኑት እንጂ አልቀየሩትም» አልኩት። «እናቴን አልረሳትም ማለት ነው?» አለ።

ወገኖቼ፣ ይህ ልጅ ለቀናት የተሸከመው ሐሳብ ይህ ነበር። ልቡን አውጥተው ሌላ ልብ ያስገቡለት መሰለው፤ እናቱ ደግሞ ያለችው በልቡ ውስጥ ነው። በየትኛውም ማሽን የማይታይ ሕመም ነው። መድኃኒቱም አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር።

እኛ ሐበሾች ክፉ ወሬ የምናረዳበት ሥርዓት አለን። መርዶ በድንገት አይነገርም፣ ዘመድ ተሰብስቦ በጠዋት ነው የሚነገረው። ይህ ጥሩ ባህል ነው፣ ሰው ብቻውን እንዳይወድቅ ነው። ነገር ግን ለታመመ ልጅ ሕመሙ መርዶ አይደለም። ልጁ ሰውነቱ ውስጥ ነው ያለው፣ ከኛ በፊት ያውቀዋል። ሆሎን ላይ እንዳየኋቸው ከንፈራቸው የሚጠቁር ልጆች ሲሮጡ ቆይተው ቁጢጥ ይላሉ። ሰው ሰነፍ ይላቸዋል። እነሱ ግን ቁጢጥ ሲሉ ደሙ ወደ ሳንባ በተሻለ ሁኔታ ስለሚሄድ ትንፋሽ ያገኛሉ፤ ማንም ሳያስተምራቸው ራሳቸው ያገኙት ዘዴ ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ «ምንም አልሆንክም» ብትለው እንደዋሸኸው ያውቃል። ከዚያ በኋላ «አይዞህ» ብትለውም አያምንህም።

በሠራዊት ሳለሁ የገባኝ ነገር አለ። ወታደርን የሚያደክመው ሥራው ብቻ አይደለም፣ ምን እንደሚመጣ ሳያውቁ መጠበቅ ነው። ጥሩ አዛዥ ያለን ጊዜ «ይህን ያህል እንጓዛለን፣ እዚህ ጋ ይከብዳል፣ እዚህ ጋ እናርፋለን» ይለን ነበር። መንገዱ አያጥርም፤ እኛ ግን እንችለዋለን። ልጅም እንደዚያው ነው።

እንዴት ይነገር ለምትሉ፣ በሆስፒታል ልጆችን የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች ሲሠሩ ያየሁትን ልንገራችሁ። ለሦስት ዓመት ልጅ አንድ ወይም ሁለት ቀን ሲቀር ይነገረዋል፣ ከዚያ በፊት ከተነገረው ጊዜውን መቁጠር ስለማይችል ይጨነቃል። ትምህርት ቤት ለደረሰ ልጅ ከሳምንት በፊት፣ ለትልቁ ደግሞ ከዚያም ቀደም ብሎ፣ ሐኪሙ ፊት ተቀምጦ ራሱ እየጠየቀ። «አያምህም» አይባልም። «መርፌው ለአፍታ ያምሃል፣ ማልቀስ ትችላለህ፣ እኔ እጅህን እይዛለሁ» ይባላል። «ያስተኙሃል» ብቻ ብሎ መተውም ጥሩ አይደለም፤ ልጁ ከዚያ በኋላ ቤቱ መተኛት ሊፈራ ይችላል። «ይህ የመድኃኒት እንቅልፍ ነው፣ ሐኪሙ መድኃኒቱን ሲያቆም ትነቃለህ» ይባላል። አሻንጉሊት ካለ አሻንጉሊቱ ደረት ላይ ፕላስተር ይለጠፋል፤ ልጁ ሐኪም ይሆናል፣ መርፌ ይወጋል። ስትነቃ ደረትህ ላይ ቱቦ ይኖራል፣ ጉሮሮህ ይደርቃል፣ እናትህ ከየት ወገን ትቀመጣለች፣ ይህ ሁሉ አስቀድሞ ይነገረዋል።

እዚህ አገር በሆስፒታል የሚዞሩ ቀልደኞችም አሉ፣ አፍንጫቸው ላይ ቀይ ኳስ ያደረጉ። «ድሪም ዶክተርስ» የሚባለው ከ2002 ጀምሮ የሚሠራ ነው። እናቴ መጀመሪያ ስታያቸው «ይሄን ሰውዬ ምን ነካው?» ብላ ነበር። በኋላ ግን ልጅቷ ደም ስትሰጥ ዓይኗ ቀልደኛው ላይ ሆኖ መርፌውን ሳታየው ሲያልፍ ሰውዬውን መረቀችው።

አሁን ደግሞ ስለ ጨቅላዎቹ። ለሕፃን ልጅ ወሬ አይነገረውም፤ ለሱ ወሬው ሰውነት ነው፣ ጀርባ ነው፣ ጡት ነው። ደረቱ የተከፈተ ሕፃን አጥንቱ እስኪገጥም ስድስት ሳምንት ገደማ በብብቱ ይዞ ማንሣት አይቻልም። አንድ እጅ ከቂጡ ሥር፣ አንድ እጅ ከጀርባው ሆኖ እንደ ሰፌድ ታቅፎ ነው የሚነሣው። አንቀልባም ደረቱን ስለሚጫነው ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቆያል። ለኛ እናቶች ይህ ከባድ ነው። ልጅ ሲያለቅስ ማዘል ነው የምናውቀው። ሕፃኑም የለመደው ያንኑ ነው፣ ድንገት ጀርባዋ ሲከለከል የተጣለ ይመስለዋል። እናቴ ምን አደረገች? ጭኗ ላይ አስተኝታት፣ ያንኑ እሹሩሩ በዚያው ድምፅ እያለች ጉልበቷን ታንቀሳቅስ ነበር። ልጅቷ ጀርባውን አጣች፣ ድምፁንና ውዝዋዜውን ግን አላጣችም።

መመገብም እንዲሁ ነው። በአፍንጫ ቱቦ ሲመገብ የቆየ ሕፃን ወደ አፉ የሚመጣ ነገር ሁሉ ያስፈራዋል። ማንኪያ ሲያይ ፊቱን ያዞራል። እኛ ደግሞ ፍቅራችን በጉርሻ ነው፣ ካልበላ ያልወደደን ይመስለናል፣ እናስገድዳለን። ይህ ፍርሃቱን ያብሰዋል። ምግቡን በእጁ ይንካ፣ ያበላሽ፣ ይቅመስ፣ ይትፋ። የሚበላበትን መንገድ የሚያሠለጥኑ ባለሙያዎች አሉ፣ ጠይቁ።

ዕድገት ላይ ደግሞ ሁሉም ወላጅ ማወቅ ያለበት ነገር አለ። ከመቶ ሕፃናት አንዱ ገደማ የልብ ችግር ይዞ ይወለዳል። ከነዚህ ውስጥ በጨቅላነታቸው የልብ ቀዶ ሕክምና ያደረጉት በንግግር፣ በእንቅስቃሴ፣ በትኩረትና በትምህርት የመዘግየት ዕድላቸው ከሌላው ልጅ ከፍ ያለ ነው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር ይህን በ2012 በሰፊው አውጥቶ እነዚህ ልጆች በየዕድሜያቸው መመርመር አለባቸው ብሏል፣ በ2024ም አድሶታል። ምክንያቱ ብዙ ነው፦ ገና በማህፀን ሳሉ ወደ አንጎል የሚደርሰው ኦክስጅን ማነስ፣ ቀዶ ሕክምናው ራሱ፣ ብዙ ሳምንት አልጋ ላይ መዋል፣ ከዚያም ቤት ከገቡ በኋላ በፍርሃት ተይዞ ወለል ላይ አለመለቀቅ። የመጨረሻው በኛ እጅ ነው። ሐኪሙ ሲፈቅድ ሕፃኑ በሆዱ ሆኖ ይጫወት፣ ይዳኽ፣ ይውደቅ፣ ይነሣ።

የኛ ልጅ ሁለት ዓመት ሞልቷት የምታውቀው ቃል በጣት የሚቆጠር ነበር። ሰዉ «ትናገራለች፣ አትቸኩሉ፣ አጎቷም ዘግይቶ ነው የተናገረ» አለን። ባለቤቴ ግን ቲፓት ሀላቭ፣ ማለት የሕፃናት ጤና ጣቢያው ዘንድ ሄዳ ወደ ልጆች ዕድገት ማዕከል ወረቀት አጻፈች። የንግግር ባለሙያና የእንቅስቃሴ ባለሙያ አገኘች። ወረፋው ረጅም ነው፤ ስለዚህ ምክሬ፣ ጥርጣሬ ሲገባችሁ በዚያው ቀን ተመዝገቡ፣ አያስፈልግም ከተባለ መሰረዝ ቀላል ነው። በእስራኤል ከ1995 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የጤና መድን ሕግ የልጆችን ዕድገት ሕክምና በኩፓት ሆሊም በኩል ይሸፍናል። ልመና አይደለም፣ መብት ነው።

አንድ ሰው «አማርኛ ተዉና ዕብራይስጥ ብቻ አናግሯት፣ ሁለት ቋንቋ ነው ያዘገያት» ብሎን ነበር። የንግግር ባለሙያዋ ይህን አልተቀበለችውም። ሁለት ቋንቋ ልጅን አያዘገይም፤ ልጅ የሚያስፈልገው ብዙ የሚያናግረው ሰው ነው፣ ሰው ደግሞ አጥብቆ የሚያናግረው በሚያውቀው ቋንቋ ነው። ስለዚህ የእናቴ ተረት ከሕክምናው ጋር ተቆጠረ። ልጄ የመጀመሪያውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር የተናገረችው በአማርኛ ነው፦ «ጅቡስ የት ገባ?»

በሐኪም ቤት ግን ትርጉሙን ለልጆች አትተዉት። ታላቅ ወንድም ወይም እህት ስለ ታናሹ ልብ ክፉ ወሬ ሰምቶ ለእናቱ የሚያስተላልፍ መሆን የለበትም። ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ይህ ከአቅሙ በላይ ነው። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ሕክምና ለሰው በሚገባው ቋንቋና ባህል እንዲቀርብ መመሪያ አውጥቷል፤ በ1998 የተመሠረተው ቴኔ ብሪዑትም ለማኅበረሰባችን በአማርኛ በስልክ ሲያስተረጉም የቆየ ድርጅት ነው። «አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት አያሳፍርም።

ስለ መሮጥ እንነጋገር። እዚህ ላይ ነው ቤተሰብ የሚጣላው። እናቴ «ቀስ በይ፣ ልብሽን!» ትላለች፣ ባለቤቴ «ተያት ትሩጥ» ትላለች። እኛ ያደረግነው የልብ ሐኪሙን በጽሑፍ መጠየቅ ነው። ምን ይፈቀዳል፣ ምን አይፈቀድም፣ ምን ምልክት ካየን እናስቁማት? ቀዳዳው በደንብ የተደፈነለት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ልጅ መጫወት ይችላል፤ ገደብ ያለባቸው ልጆችም አሉ። የሚያውቀው ሐኪሙ ነው፣ ጎረቤት አይደለም። የኛዋ ምንም ገደብ የለባትም ተባለ። ያም ሆኖ በአንድ መዋዕለ ሕፃናት ልጆቹ ሲሮጡ እሷን ለብቻዋ ወንበር ላይ እንዳስቀመጧት ሰማን። በክፋት አልነበረም፣ በርኅራኄ ነበር። እሷ ግን ስታድግ ምን እንደምትሆን ስትጠየቅ «እኔ ተመልካች ነኝ» ብላ መለሰች። ባለቤቴ በማግሥቱ የሐኪሙን ወረቀት ይዛ ሄደች፣ ወንበሩም ተነሣ።

እናቴስ? ለወረቀት የምትረታ ሴት አይደለችም። የእንቅስቃሴ ባለሙያዋ ግን «ከደረት ቀዶ ሕክምና በኋላ ትከሻ ወደፊት እንዳይጎብጥ ማንቀሳቀስ ጥሩ ነው» ስትላት ዓይኗ በራ። እስክስታ ጀመሩ። አያትና ልጅ ሳሎን ውስጥ ትከሻ ይመታሉ፣ መጀመሪያ የሚደክማት እናቴ ናት። አሁን «ቀስ በይ» የምትለው ልጅቷ ናት።

ከንፈር መምጠጥም ይቅርብን። ቡና ላይ ተቀምጠን ልጅቷ ስታልፍ «ወይኔ የኔ ምስኪን፣ ይህን ሁሉ አሳለፈች» ይባላል። ፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። ልጅ ግን ራሱን የሚያየው በኛ ፊት ላይ ነው። ዘወትር የሚታዘንለት ልጅ ወይ ፈሪ ይሆናል ወይ ያን ኀዘኔታ መጠቀሚያ ያደርገዋል። ጠባሳውም እንዲሁ ነው። ልጄ መዋኛ ቦታ ስትሄድ ልጆች ይጠይቋታል። መደበቅም መኩራራትም አላስተማርናትም። የምትለው አለች፦ «ሕፃን ሳለሁ ልቤን አከሙኝ፣ አሁን ደህና ነኝ፣ ና እንዋኝ።» ይህን ቤት ውስጥ ተለማምደናል፣ እንደ ጨዋታ።

ጤነኛውን ልጅም አትርሱት። ወላጅ ሆስፒታል ሲያድር ታላቁ ልጅ ጎረቤት ቤት ያድራል፣ «አንተ ትልቅ ነህ» ይባላል። እሱም በልቡ «እኔም ብታመም ይወዱኝ ነበር» ይላል። የኛ ታላቅ ልጅ በዚያ ጊዜ ሆዱን ያመው ጀመር። ሐኪም አየው፣ ሆዱ ደህና ነበር። ከዚያ በኋላ ዘወትር ዓርብ ከሰንበት በፊት እኔና እሱ ብቻችንን ገበያ እንሄዳለን። አባቶች፣ ይህ የኛ ድርሻ ነው። እኛ ወንዶች ጭንቀት ሲይዘን ወደ ሥራ እንሸሻለን ወይም ዝም እንላለን። ልጅ ግን የአባቱን ዝምታ እንደ ቁጣ ነው የሚተረጉመው።

ቤርሼቫ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለብን። ሲሪን ሲጮህ ወደ መጠለያ ለመግባት ያለን ጊዜ አንድ ደቂቃ ነው። ልጅ ይሮጣል፣ ልቡ ይመታል፤ ልቡ የታከመ ልጅ ደግሞ ያን ምት ሲሰማ «ሕመሙ ተመለሰ» ብሎ ይፈራል። ልጄን ያስተማርናት ይህን ነው፦ የሁላችንም ልብ ይመታል፣ እጅሽን የኔ ደረት ላይ አድርጊ፣ ስሚው፣ አሁን አብረን በቀስታ እንተንፍስ። ጁን 19 ቀን 2025 ከኢራን የተተኮሰ ሚሳይል ሶሮካ ሆስፒታልን ሲመታ የቀዶ ሕክምናው ሕንፃ ክፉኛ ተጎዳ። በየዓመቱ ልቧን በኢኮ የምትታየው እዚያው ሶሮካ ነው። ምስሉን አይታ «አሁን ማን ያየኛል?» አለች። «ሕንፃው ተጎዳ፣ ሐኪሞቹ ግን እየሠሩ ነው፤ የምትታዪበትን ቦታ ይነግሩናል» አልናት። እውነቱን ነው የነገርናት። ለጥያቄዋም የበቃው እሱ ነበር።

አገር ቤት ላላችሁ ደግሞ። በአዲስ አበባ ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1989 የጀመሩት የኢትዮጵያ ልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል በ2009 በጥቁር አንበሳ ግቢ የልብ ማዕከሉን ከፍቷል። ተራ የሚጠብቁት ልጆች በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው፣ መጠበቁ ዓመታት ሊሆን ይችላል። እለምናችኋለሁ፣ ልጁ እየጠበቀ ሳለ ሕይወቱ አትቁም። ሐኪሙ እስከፈቀደ ትምህርት ቤት ይሂድ፣ መራመድ ቢደክመው ይታዘል፣ በበዓል ይዘፍን። እዚህ እስራኤል ውስጥ በ2001 በወጣ ሕግ ለረጅም ጊዜ ከትምህርት የቀረ የታመመ ልጅ ቤቱ ወይም ሆስፒታሉ ድረስ አስተማሪ ይመጣለታል። እዚያ ይህ ባይኖር ጎረቤት ያለ አንድ ተማሪ ማታ ማታ ደብተር ሊያስገለብጠው ይችላል።

በአገራችን ደግሞ ብዙ ልጆች ልባቸው የሚጎዳው ከተወለዱ በኋላ ነው። ጉሮሮን የሚያሳምም ተህዋስ ነው መነሻው፤ ሳይታከም ሲቀር ሰውነት ሊከላከል ብሎ የራሱን የልብ በሮች ይጎዳል። እንጥል ማስቆረጥ ይህን አይከለክልም፤ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ከታወቀ በኋላ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ለብዙ ዓመታት ይወስዳሉ። መርፌው ያማል፣ ልጁ ይደበቃል፣ ቀኑን ይዘላል፣ በሽታውም ይብሳል። ስለዚህ የመርፌዋ ቀን የቅጣት ቀን አትሁን። የትኛው ወገን እንደሚወጋ ልጁ ይምረጥ፣ አንድ የሚወደው ሰው አብሮት ይሂድ፣ ሲመለስ የሚወደው ነገር ይጠብቀው። ጥርሱንም ይቦርሽ፤ ከአፍ የሚነሣ ተህዋስ የታመመ ልብ ላይ ሊያርፍ ይችላል።

እንግዲህ ብዙ አወራሁ። ልጄ ዛሬ ሁለተኛ ክፍል ናት። ማንበብ ትንሽ ያስቸግራታል፣ እየተረዳች ነው፣ ስትስቅ ግን ጎረቤት ይሰማል። ወደፊት ስትደውሉልኝ ስለ ሐኪሙም ስለ ገንዘቡም ጠይቁኝ፣ ደስ ይለኛል። እኔም እጠይቃችኋለሁ፦ ልጁ ምን መጫወት ይወዳል? ማታ ምን ይጠይቃችኋል? ምን ብላችሁ መለሳችሁለት? ይህን ሦስቱን ይዛችሁ ደውሉ።

ለታመሙት ልጆች ሁሉ ምሕረትን፣ ለወላጆቻቸው ብርታትን፣ ለሐኪሞቹ ጥበብን ይስጥልን። ቸር ይግጠመን።